በጾም ዉሃን የገባሁ ጊዜ

እናቴ ከቤት ስትሸኘኝ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ነው። «ሌላውን ተዪውና ምን እንደሚበላ አይተሽ ንገሪኝ።»

ታናሽ ወንድሜ ቻይና ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዉሃን ከተማ፣ በቻይና የጂኦሳይንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን በከርሰ ምድር ውሃ እየሠራ ነው። ስትደውልለት «ደህና እበላለሁ እማዬ» ይላታል። እሷ ስልኩን ዓይኗ ድረስ አስጠግታ ጉንጩን ታያለች፤ አታምነውም። እኔ ለንግድ ጓንዡ እመላለሳለሁ፤ ግን ጓንዡ ከገቡ ጊዜ የለም፤ ከገበያ ወደ ካርጎ፣ ከካርጎ ወደ አውሮፕላን ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ዕቃዬ ቶሎ ተጭኖልኝ ሦስት ቀን ተረፈኝ። ታኅሣሥ 3፣ የበዓታ ዕለት፣ ባቡር ተሳፈርኩ።

ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ እስከ ዉሃን ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፈጣኑ ባቡር በአራት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ደሴ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ቀኑን ሙሉ በአውቶብስ ስንጓዝ ነው ያደግነው። ባቡሩ ተራራውን በዋሻ፣ ሸለቆውን በድልድይ እያለፈ ሲበር፣ ጣርማ በርን በጭጋግ የወጣንባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉኝ። ወንድሜ ጣቢያው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል። ምንም አላልኩትም።

ስለ ብርዱ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቻይና በፈረንጆቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቤት ማሞቂያ ከመንግሥት የሚዘረጋው ለሰሜኑ ክፍል ነው፤ መለያው የቺንሊንግ ተራሮችና የኹዋይ ወንዝ ናቸው። ዉሃን ከመስመሩ በታች ስለሆነች እንደ ደቡብ ትቆጠራለች። ክረምቷ ግን የደቡብ አይደለም። በያንግጼ ወንዝና በሐይቆች የተከበበች ስለሆነች ብርዱ እርጥብ ነው፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ተማሪው ክፍል ውስጥ ካፖርቱን አያወልቅም። ምግብ ቤቶቹም በራቸውን ክፍት አድርገው ይሠራሉ፤ ሰው እንደለበሰ ይበላል።

የመጀመሪያው ማታ አልሆነልኝም። ከሆቴሌ ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ቤት ገባን፤ ወንድሜ ፎሶሊያ አዘዘልኝ። መጣ። አረንጓዴው ያምራል፣ ይሸታል፤ ሳየው ግን መሃል መሃሉ ላይ እንደ ሚጥሚጣ ደቅቆ የተነሰነሰ ሥጋ አለበት። ወንድሜ «ቡ ያው ሮው»፣ ሥጋ እንዳይገባ፣ ብሎ ነበር። ልጅቷ ተደናገጠች፤ ለእሷ ሥጋ ማለት ቁራጩ ነው እንጂ ለማጣፈጫ የሚነሰነሰው አይደለም። ቂም አልያዝኩም። ዳቦ ገዝቼ ክፍሌ ገባሁ።

ያን ሌሊት ወንድሜን ቁጭ አድርጌ ጠየቅሁት። አጽዋማቱን እንዴት ነው የምታሳልፋቸው? ያኔ ነው እውነቱን ያወጣው። ቻይና ውስጥ አትክልት ሞልቷል፤ ጎመኑ ብቻ ስንት ዓይነት ነው። ችግሩ አትክልቱ የሚቁላላበት ነገር ነው። አንዳንዱ ቤት በአሳማ ስብ ይጠብሳል፤ ጎመን በስብ ሲነካ ይጥማል ይላሉ። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ ላይ የተፈጨ ሥጋ ይደረጋል። ጎመኑ ላይ ኦይስተር ከሚባል ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚሠራ ጥቁር መረቅ ይፈሳል። ይህ ሁሉ ቀርቶ ደግሞ «ጂጂንግ» የሚሉት ከዶሮ የሚዘጋጅ ማጣፈጫ ዱቄት አለ፤ ወጥ ሠሪው ከጨው እኩል ነው እጁ የሚሰደው። የመጀመሪያው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ወንድሜ ክፍሉ ውስጥ ሩዝ በአኩሪ አተር መረቅ ብቻ እየበላ ሁዳዴውን ጨረሰ። ለእማዬ እንዳልነግራት አስማለኝ። እዚህ ስጽፈው አስፈቅጄዋለሁ።

«አሁን ግን ቤት አግኝተናል» አለኝ። «ያገኘውም እሱ ነው።»

እሱ የሚለው የኮምቦልቻውን ልጅ ነው። በአንድ ኮሪደር ላይ ነው የሚኖሩት። ሙስሊም ነው፤ እሱም በራሱ በኩል ሲቸገር ኖሯል። አሳማ የሌለበት ማዕድ ሲያስስ ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ፣ በሉሞ ጎዳና በኩል ገባ ብላ ያለች፣ በሰሜን ምዕራብ ቻይና ባለችው በላንዡ ከተማ ስም የምትጠራ ኑድል ቤት አገኘ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሦስታችን ሄድን።

አረንጓዴ ሰሌዳ፣ በላዩ ላይ በቻይንኛ «ቺንግጀን»፣ ከሥሩ በዐረብኛ ሐላል። ስድስት ጠረጴዛ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የምግብ ፎቶ ከነዋጋው። አልኮል ይዞ መግባት ክልክል መሆኑ ተጽፏል። ጠረጴዛው ላይ ኮምጣጤ፣ በዘይት የታሸ ቀይ በርበሬ፣ አንድ ሳህን ያልተላጠ ነጭ ሽንኩርት። ሰው ኑድሉን እየሳበ ነጭ ሽንኩርቱን ጥሬውን እንደ ቃሪያ ይገምጠዋል። ያን ሳይ ደስ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ቻይና ውስጥ ያላየሁት የአገሬ አበላል ነው።

ባልና ሚስት ናቸው የሚሠሩት። ሁይ ይባላሉ፣ ቻይንኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች። ቤቷ በላንዡ ስም ትጠራ እንጂ ሰዎቹ የላንዡ አይደሉም፤ ከቺንግሃይ ክፍለ ሀገር፣ ኹዋሎንግ ከምትባል ወረዳ ናቸው። በየከተማው በዚህ ስም ከሚከፈቱት ቤቶች አብዛኞቹ የኹዋሎንግ ሰዎች ናቸው አሉኝ፤ ድሃ ተራራማ አገር ነው፣ ሰዉ ሊጡን ይዞ ወጥቶ ነው ኑሮውን ያቀናው። እንደ ዶርዜ ሸማኔ በሉት። የትም ከተማ ብትሄዱ ድንኳኑን ተክሎ ታገኙታላችሁ።

ሰውየው ሊጥ ሲጎትት ለማየት ምግቤን ረስቼ ቆምኩ። ሊጡ ላይ ድሮ ከበረሃ ቁጥቋጦ አመድ የሚወጣ፣ አሁን በዱቄት መልክ የሚሸጥ ነገር ይገባበታል፤ እሱ ነው እንዲለጠጥ የሚያደርገው። ሊጡን በሁለት እጁ ይዞ ይዘረጋል፣ ጫፍና ጫፉን ያገጥማል፣ እንደገና ይዘረጋል። በያንዳንዱ እጥፍ ክሩ እጥፍ ይሆናል፤ በሰባተኛው 128፣ በስምንተኛው 256። ጣውላው ላይ ጧ ሲያደርገው ዱቄቱ ይቦንናል። ከዚያ ወደ ሚፈላው ውሃ ወርወር። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ድርቆሽ የምትፈተፍት ሴት፣ እንጀራ የምትጋግር ሴት፣ የእጅ ሥራ ስታይ ታውቀዋለች።

የእኔ ትእዛዝ ግን ኑድል አልነበረም፤ መረቁ የበሬ አጥንት ነው። ድንች በሩዝ አዘዝን፣ 14 ዩዋን፤ በጊዜው ምንዛሬ ከ200 ብር በላይ መሆኑ ነው። የኮምቦልቻው ልጅ ለሴትዮዋ ዘረዘረላት። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ የከብት ስብ የለም፣ ጂጂንግ የለም፤ ዘይትና ጨው ብቻ። እሷ ሂጃቧን አስተካክላ ታመመች ወይ አለች፤ እኔን ነው። ልጁ ለጾም እነሱ የሚሉትን ቃል፣ «ፌንግጃይ»፣ ተናገረ። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። ከዚያ ግን ግራ ገባት፤ ረመዳን ገና ነው፣ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልትበላ ነው፣ ምን ዓይነት ጾም ነው? ልጁ አስረዳት። እነዚህ ክርስቲያኖች ናቸው፣ ገናቸው እስኪደርስ ከ40 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ይጾማሉ። እስከዚህ ሰዓት ውሃም አልቀመሰችም። ሴትዮዋ ወደ ወጥ ቤት ዞራ ለባሏ ጮክ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ሰውየው መጥበሻውን አንሥቶ በፈላ ውሃ ማጠብ ጀመረ። አንድ ጊዜ አጠበ፣ ደፋ፣ ደገመ። ከእኛ ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም።

«አብሽሪ እትዬ» አለኝ የኮምቦልቻው ልጅ። «አሁን ሆነ።»

እናቴ ይህን ብታይ ምን ትል እንደነበር አውቃለሁ። እኛ አገር በሥጋ ተለያይተን ነው የምንበላው፤ ሠርግ ላይ ለሙስሊሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል። ያ እንደተጠበቀ ነው፤ ልጆቹም አልነኩትም። በፍስክ ወንድሜ እዚያ ቤት ሥጋ አይበላም። በጾም ግን፣ አሳማ የሚባል ነገር ደጇን ረግጦ በማያውቅ ወጥ ቤት፣ ድንቹ ለሁለቱም ሆነ። ለአንዱ ሐላል፣ ለሌላው የጾም፣ በአንድ ሳህን።

ድንቹ መጣ። እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተከትፎ፣ በውሃ ታጥቦ፣ በጋለ ዘይት በደረቅ በርበሬና በኮምጣጤ ቶሎ ተጠብሶ የወጣ ነው። መጀመሪያ ስቀምሰው ያልበሰለ መሰለኝ፤ ጥርስ ሥር ቅጭ ይላል። ወንድሜ እንደዚያ ነው የሚፈለገው አለኝ። በሁለተኛው ጉርሻ ገባኝ። ኮምጣጤው አፍ ይከፍታል፤ ምላስን ደንዘዝ የሚያደርገው ቅመማቸው ቀስ ብሎ ይከተላል። ሩዙ ይጨሳል፤ ካነሰ ያለ ክፍያ ይጨምራሉ። ከዚያ ኑድል የተቀቀለበትን ትኩስ ውሃ በሳህን ሰጡን፤ ቀን ሙሉ ለበረደው ሆድ እንደ አጃ ሾርባ ነው።

ከቦርሳዬ ሚጥሚጣ አወጣሁ። ሴትዮዋ መጥታ አሸተተችና በጣቷ ጫፍ ነክታ ቀመሰች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ባሏን ጠራችው። እሱም ቀመሰ፣ እንደገና ቀመሰ፣ አውራ ጣቱን ቀሰረ። በማንኪያ ሩዝና ድንች አፍሼ ወንድሜን አጎረስኩት፤ ቀጥሎ የኮምቦልቻውን ልጅ። ሴትዮዋ ቆማ አየችን። ሃያ ምናምን ዓመት የሞላው ጎረምሳ እንደ ሕፃን ሲጎርስ ያየችው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም። ወንድሜ ሲጎርስ አንገቱን ደፋ፤ ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ሒሳብ ላይ ተጣላን። «በሞቴ እኔ ነኝ የምከፍል» ብዬ ገንዘቤን ስፈልግ እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ኮድ በስልኩ ነክቶ ጨርሷል፤ ድምፅ ማጉያው የተከፈለውን ለቤቱ ሁሉ አወጀ። ስኮላርሺፕ የሚበላ ልጅ ለእኔ ሲከፍል አላስደሰተኝም።

ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋት ቁርስ በላሁ፤ የዉሃን ሰው ቆሞና እየሄደ የሚበላውን «ረጋንሚየን»፣ በሰሊጥ የታሸ ደረቅ ኑድል፣ የሥጋ መረቁን አስቀርቼ። ሰሊጡ አፌ ውስጥ ሲዞር ሰሊጥ ፍትፍት የበላሁ መሰለኝ። አገራችን ለቻይና ከምትሸጠው ዋና ነገር አንዱ ሰሊጥ ነው፤ የሁመራው ሊሆን ይችላል እያልኩ ሳህኑን ጠራረግሁት።

ምሳ ላይ ግን ወደ ሁይዎቹ ተመለስን። የዚያን ዕለት ልጃቸው ነበረ፤ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራውን ዘርግቶ ፊደል ይደጋግማል። ወንድሜ አጠገቡ ተቀምጦ ሒሳብ አሳየው። የቆየ ልማዳቸው ነው ለካ፤ ልጁ ደብተሩን ራሱ ነው ወደ እሱ የገፋው። ሴትዮዋ ሳትጠየቅ «ቱዶው ስ?» አለችው፣ ድንቹን ማለቷ ነው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። በዚያች ቅጽበት ለእናቴ የምነግራት ነገር ተሟላልኝ። ደወልኩላት፤ ስልኩን አዙሬ ሳህኑን አሳየኋት፣ መጥበሻውን አሳየኋት፣ ሴትዮዋን አሳየኋት። እማዬ ከደሴ በአማርኛ መረቀቻት። ሴትዮዋ ከዉሃን በቻይንኛ መለሰችላት። የኮምቦልቻው ልጅ መሃል ሆኖ ሊያስተረጉም ሞከረና ተወው፤ አላስፈለጋቸውም።

እሁድ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ልሰናበት አለፍኩ። ሚጥሚጣውን ከነዕቃው ተውኩላቸው። ሰውየው ገና ምድጃ እያቀጣጠለ ነበር። ሴትዮዋ በፌስታል የጠቀለለችውን ክብ ድፎ ዳቦ የመሰለ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠችና በጣቶቿ ቆጠረችልኝ፦ ዱቄት፣ ውሃ፣ ዘይት፣ ጨው። አራት ጣት። ሌላውን አጠፈችው። ገንዘብ ብዘረጋ እጄን መልሳ ዘጋችው።

ባቡሩ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩት። ቻንግሻ ስንደርስ ከመሃሉ ቆረስኩ፤ አሁንም ይሞቃል።