ጸሎተ ሐሙስና የከንቲባ ምርጫ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለንደን

ነገ ጸሎተ ሐሙስ ነው። የለንደን ከንቲባ ምርጫም ነገ ነው። ቀኑን ቤተ ክርስቲያን ስለምውል ምርጫ ጣቢያው ልክ 1 ሰዓት ላይ ሲከፈት ድምፄን ሰጥቼ ላልፍ አስቤአለሁ። ለከንቲባ ስንመርጥ ፎቶ ያለው መታወቂያ ስንጠየቅ የመጀመሪያችን ነው። ለእማዬም ደውዬ «ፓስፖርትሽን ዛሬውኑ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው» ብያታለሁ።

እጩዎቹ 13 ናቸው። ስለ ከተማዋ አየርና ስለ ካርቦን ምን እንደሚሉ ስከታተል ከረምኩ። ክርክሩ ዞሮ ዞሮ 12 ፓውንድ ከ50 ላይ ያርፋል። ዩሌዝ! ጭሱ የበዛ አሮጌ መኪና ለንደን ውስጥ የሚነዳ ሰው በቀን የሚከፍላት ገንዘብ ናት። ባለፈው ነሐሴ ክፍያውን በመላው ለንደን ያሰፉት የአሁኑ ከንቲባ ሳዲቅ ካን ይቀጥላል ይላሉ። የወግ አጥባቂ ፓርቲዋ እጩ ሱዛን ሆል ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ማስፋፊያውን እሰርዛለሁ ብለዋል።

እኛ ሀበሾች መሀል ይሄ ቀልድ አይደለም። ክሮይደን የሚኖር አንድ ወንድማችን ሌሊት ሌሊት ነው የሚሠራው። በዚያ ሰዓት ባስ እንደ ልብ አይገኝም። የክፍያው ቀን የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ማታ ወጥቶ ንጋት ላይ ሲመለስ ለአንድ ፈረቃ የሁለት ቀን፣ 25 ፓውንድ ይቆጥርበታል። ናፍጣ መኪናውን አስረክቦ ከከተማዋ 2 ሺህ ፓውንድ አገኘ። በላዩ ተበድሮ ቤንዚን መኪና ገዛ። ዕዳውን እስካሁን ይከፍላል። እሱ ሆልን ቢመርጥ ይገባኛል።

እኔ ግን ዩሌዝ ይቆይ ባይ ነኝ። ኤላ ኪሲ-ዴብራ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሉዊሻም ውስጥ ሳውዝ ሰርኩላር የሚባለው የተጨናነቀ መንገድ አጠገብ ነበር ቤታቸው። በ2013 በአስም ሞተች። በ2020 መርማሪው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ አድርጓል ሲሉ ወሰኑ። እናቷ ለዚህ ውሳኔ ስንት ዓመት ታገለች! ያንን ካነበብኩ በኋላ ስለ 12 ፓውንድ የማስበው ተቀይሯል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በክርክሩ ጭስ ሁሉ አንድ ተደርጎ ይወራል። ዩሌዝ በዋናነት የሚቆጣጠረው ሳንባ የሚጎዳውን ነው፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድንና ደቃቅ ብናኝን። የዓለምን ሙቀት የሚጨምረው ካርቦን ሌላ ሒሳብ ነው። የወንድማችን ቤንዚን መኪና ዩሌዝን ታልፋለች፣ ካርቦኗን ግን ትተፋለች። ካን በ2030 ከተማዋን ኔት ዜሮ፣ ማለትም የምትለቀው ካርቦን ከሚወገደው የማይበልጥበት ደረጃ፣ አደርሳለሁ፣ ባሶቹንም ሁሉ ከጭስ ነጻ አደርጋለሁ ይላሉ። ባሱ ደስ ይላል። ግን በዚሁ ሰዓት ሲልቨርታውን ላይ ከቴምዝ ሥር አዲስ የመኪና ዋሻ እያሠሩ ነው። ሁለቱን እንዴት እንደሚያስታርቁት አልገባኝም። የአረንጓዴ ፓርቲዋ ዞዊ ጋርቤት ከ22 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች ባስ በነጻ ይሳፈሩ ማለታቸውን ወድጄዋለሁ። ልጅ ሆኖ ባስ የለመደ ሰው መኪና ለመግዛት አይቸኩልም።

ደግሞ የለንደን ካርቦን ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከሕንጻ ነው። ማሞቂያችን ነው ዋናው። እኔ ቤት የጋዙ ቦይለር ጥቅምት ላይ ይነሳል፣ እስከ ሚያዝያ አያርፍም። መስኮቱ ነጠላ መስታወት ነው። ጠዋት ውሃ ያዝላል፣ ከሥሩ ፎጣ እዘረጋለሁ፣ ማታ ፎጣውን እጨምቃለሁ። የጋዙ ሒሳብ ሲመጣ የማሞቀው መንገዱን ነው እንዴ እላለሁ። ተከራይ ነኝ፣ መስኮት መቀየር የእኔ ሥልጣን አይደለም። ብዙ ሀበሻ የሚኖረው እንደዚህ ነው። ይህ ቤት ሙቀት እንዳያስወጣ በደንብ ቢደፈን ካርቦኑም ይቀንሳል፣ የእኔም ኪስ ይተርፋል፣ ልጆቹም ከሳል ያርፋሉ። ታዲያ ይህ የምርጫው ዋና ጉዳይ እንዴት አልሆነም?

እርግጥ ነው፣ ከንቲባው ባስና መንገዱን እንደሚያዘው የሰው ቤት ማዘዝ አይችልም። ትልቁ ገንዘብ ከመንግሥት ነው የሚመጣው። ቢሆንም ከንቲባ ከጮኸ ይሰማል። 12 ፓውንዷ ላይ የጮኹትን ያህል መስኮት ላይ ይጩኹልን።

ነገ ከከንቲባው ሌላ የለንደን ጉባኤ አባላትንም እንመርጣለን። ከንቲባውን የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። ዛሬ ማታ የእኛን አካባቢ እጩዎች ወረቀት አውጥቼ ስለ ቤት ማሞቂያ ማን ምን እንዳለ አነባለሁ። በጉባኤው ድምፄ የምወስነው በዚያ ነው።