እንዚራው በዝቷል

ዛሬ ደብረ ዘይት ነው። ጾሙ ተጋመሰ። ሁዳዴ ሲገባ የእኛ ሥራ ይቀዘቅዛል። ሠርግ የለም። ክለቦቹም ጭር ይላሉ። ባንዳችን ልምምዱን ለዳግም ትንሣኤ ቀጥሮ ተበትኗል። እኔም ጊታሬን አዝዬ ቤት ገብቻለሁ።

ዘንድሮ ግን ይዤው የገባሁት ነገር አለ። የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ከቨርጂኒያ መጥቶ ነበር። ሲመለስ ሦስት ፔዳሎች ትቶልኝ ሄደ፤ በእግር የሚጫኑ፣ የጊታርን ድምፅ የሚያሻክሩ ትንንሽ ሣጥኖች ናቸው። እያንዳንዳቸውን በካልሲ ጠቅልሎ ነው ያመጣቸው። ቢጫው የቦስ ኤስዲ-1 ነው። ብርቱካናማው የዚያው የቦስ ዲኤስ-1። አረንጓዴው ደግሞ የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር። የኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ሰው ሦስቱንም ከሩቅ በቀለማቸው ይለያቸዋል። ዲኤስ-1 እ.ኤ.አ. በ1978 ነው የወጣው፤ ኤስዲ-1 በ1981። ሁለቱም በዕድሜ ይበልጡኛል።

ጥር ሙሉ ሠርግ ስለነበር ከካልሲያቸው እንኳን አላወጣኋቸውም። የተገናኘነው ቅበላ ካለፈ በኋላ ነው።

እስከዛሬ ክሊን፣ ማለትም ድምፁን ሳላሻክር ነው የምጫወተው። ጣቴን ያፍታታሁት በክራር ነው። ክራር ላይ አውታሩን መትተህ ትተወዋለህ፤ ድምፁ ራሱ እስኪሞት ድረስ ይቆያል። ጊታርንም የያዝኩት እንደዚያው ነው። አምስተኛውን ክር ክፍቱን፣ በጣቴ ሳልጫነው፣ ከሥር እያስጮህኩ ዜማውን ከላይ እጫወታለሁ። ሠርግ ላይ ሰው ለጭፈራ ሲነሳ ይህ ይበቃል። ጃኖ ባንድ በእኛ ቅኝት ሮክ ይዞ ሲመጣ የሰፈሬ ልጆች አብደው ነበር። እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ያ ሻካራ ድምፅ የእኔ እጅ አይመስለኝም ነበር። የሌላ ሰው ዕቃ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን በጭስ ጀመረ። የአክስቴ ልጅ ከፔዳሎቹ ጋር አዳፕተርም ትቶ ነበር። ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «120 ቮልት» ይላል። አላነበብኩትም። የእኛ ግድግዳ ደግሞ 220 ነው። ሰካሁት። ትንሽ «ጥጥ» አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ደግነቱ ፔዳሉ ገና አልተገናኘም ነበር፤ የሞተው አዳፕተሩ ብቻ ነው። ከውጭ ዕቃ የሚመጣላችሁ ሰዎች፣ ከመሰካታችሁ በፊት «100-240» የሚል መኖሩን እዩ። ደግሞም የራውተር አዳፕተር ጫፉ ስለገጠመ ብቻ ፔዳል ላይ አትሰኩ። እነዚህ ፔዳሎች 9 ቮልት ነው የሚፈልጉት፤ የአዳፕተሩ ጫፍ መሃሉም ኔጋቲቭ መሆን አለበት። የራውተሩ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፣ መሃሉም ፖዘቲቭ።

እኔ ያችን ባለ አራት ማዕዘን የ9 ቮልት ባትሪ ገዝቼ ቀጠልኩ። እሷንም በሁለተኛው ቀን ሞታ አገኘኋት። ለካ ኬብሉ መግቢያው ላይ ከተሰካ፣ ፔዳሉን በእግርህ ባትጫነውም ባትሪውን ይበላል። ኬብሉ ራሱ ነው ማብሪያው። ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው አድሬ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ቦሌ ስሸኘው አንድ ምክር ሰጥቶኛል። «ከቢጫው ጀምር» አለኝ። «ሌቭሉን ከፍ አድርግ። ድራይቩን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቁመው። ሌላ ነገር አትንካ።» ሌቭል ድምፁን የሚያጎላው፣ ድራይቭ ደግሞ የሚያሻክረው ማዞሪያ ነው፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራሉ። እንዳልረሳው ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ድራይቭ፣ 9 ሰዓት።

እንዳለኝ አደረግኩ። የድራይቭ ማዞሪያዋን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቆምኳት። አምባሰል ቃኝቼ ጀመርኩ። በሁዳዴ ዘፈን አልጫወትም፤ እናቴም አትወድም። ቅኝቱን ብቻ ወደላይና ወደታች እሄድበታለሁ።

ድምፁ መጀመሪያ አስደሰተኝ። አንዲት ክር ነክተህ እንደዚያ ስትዘልቅ ልብ ይሞላል። ክራር ላይ የማታገኘው ነገር ነው፤ ድምፁ አይሞትም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ቅር ይለኝ ጀመር። የምጫወተው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ቀስ ብዬ ብነካው ያው፣ አጥብቄ ብመታው ያው። ከሥር የማስጮሃት ክፍት ክር ስትጨመርበት ደግሞ ጭራሽ ግርግር ሆነ። አምባሰል ጠፋ። የቀረው የወፍጮ ድምፅ ነው።

ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ።

ክር ሲርገበገብ ከጊታሩ የሚወጣው ሞገድ እንደ ኮረብታ ክብ ክብ ነው። ፔዳሉ ውስጥ ያለችው ቺፕ ኮረብታውን ታሳድገዋለች። ቀጥሎ ዳዮድ የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይመጣል። ሲሊከን ዳዮድ ከ0.6 ቮልት ገደማ ሲያልፍ በሩን ይከፍትና ትርፉን ያፈሰዋል። የኮረብታው ጫፍ ይቆረጣል። ኮረብታው አምባ ይሆናል። ያ ጠፍጣፋ አናት ነው ሻካራውን ድምፅ የሚያመጣው፤ መጀመሪያ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ከላዩ ይወለዳሉ። ብርቱካናማው ላይ ዳዮዶቹ ከቺፗ በኋላ ቆመው የመጣውን ሁሉ በአንዴ ይከረክማሉ። ስለዚህ ድምፁ ስል ነው። አረንጓዴውና ቢጫው ላይ ግን ዳዮዶቹ ከቺፗ መውጫ ወደ መግቢያዋ በሚመልሰው መስመር ውስጥ ናቸው። የአምባው ትከሻ ለስለስ ይላል። ቢጫው ደግሞ የራሱ አመል አለው፤ በአንድ በኩል ሁለት ዳዮድ፣ በሌላው በኩል አንድ። የላዩና የታቹ እኩል አይቆረጥም።

የክፍቱ ክር ነገር ግን ከሁሉ በላይ ገርሞኛል። ሁለት ድምፅ አብረው ሲገቡ ፔዳሉ የሁለቱን ልዩነት ራሱን የቻለ ድምፅ አድርጎ ያወጣዋል። አምስተኛው ክር በሰከንድ 110 ጊዜ ይርገበገባል። ከእሱ በላይ በሙዚቃ «አምስተኛ» የሚባለው ድምፅ ደግሞ 165 ነው። ልዩነታቸው 55፤ ያው የመጀመሪያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ማለት ነው። ሮከሮች ያንን ሁለት ድምፅ ብቻ ያለውን ኮርድ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ያልመታኸው ባስ ከሥር ይመጣልሃል። አምባሰል ግን ሁለተኛ ድምፁ ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው። 110 እና 116.5። ልዩነታቸው ስድስት ተኩል። ይህ ድምፅ አይደለም፤ መንቀጥቀጥ ነው። ክሊን ስጫወተው ያ መንቀጥቀጥ ስስ ነበር፤ እንደ ጣፋጭ እንባ። ድራይቩ ሲበዛ ግን ጠቅላላ ድምፁን እያነቀ ይለቀዋል።

ስለዚህ ቀኝ መዳፌን ብሪጁ፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ ላይ አስደግፌ የማልፈልገውን ክር ማፈን ጀመርኩ። ሃያ ዓመት ክፍት ሲተው የኖረ እጅ ይህን በአንድ ቀን አይማርም። አንድ ሳምንት በዚህ ሄደ።

በመሃል አረንጓዴውንም ሞከርኩ። ብቻዬን ስጫወት አልወደድኩትም። አፍንጫውን ይዞ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ከ720 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ድምፅ ሳያሻክር ቀንሶ ነው የሚያሳልፈው፤ መሃሉን ያወጣዋል። አንድ ቀን ባሲስታችን ሊጠይቀኝ መጣና አብረን ትንሽ ነካካን። ያኔ ገባኝ። ባሱ ከታች ሙሉ ቦታውን ያዘ፤ እኔ ከላዩ ቁልጭ ብዬ ወጣሁ። ብርቱካናማው ግን ከባሱ ጋር ሲጋፋ ዋለ። ብርቱካናማውን መልሼ ካልሲው ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ክፉ ዕቃ ሆኖ አይደለም። እኔ የምፈልገውን የሚሰጠኝ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ።

አባዬ በሁዳዴ በገና ይደረድራል። በሌላው ጊዜ በገናው በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ ግድግዳ ላይ ነው። ቅበላ ሲያልፍ ያወርደዋል። መደርደር ከመጀመሩ በፊት ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ሌላ ሥራ አለው። በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት በበርኩማው መካከል ቁራጭ ቆዳ አለ፤ እንዚራ ይባላል። አባዬ ያችን ቆዳ በአውራ ጣቱ ጥፍር ገፋ ያደርጋታል። አውታሩን ይነካል። ያዳምጣል። መለስ ያደርጋታል። የፀጉር ያህል ነው የምትንቀሳቀሰው። ቦታዋን ስታገኝ አውታሩ «ዝዝዝ» እያለ ይዘምራል። አውታሩ በተርገበገበ ቁጥር ቆዳውን ይነካዋል፤ ያ ነው ዝዝታውን የሚያመጣው።

ልጅ ሆኜ «ቆዳው ለምን አይወጣም?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ምንም አልመለሰልኝም። አንዱን እንዚራ አውጥቶ አውታሩን ነካልኝ። ድው አለ። ደረቅና አጭር። ከዚያ ቆዳውን መልሶ አስገባና ደግሞ ነካው። ክፍሉ ሞላ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ በሬን አንኳኩቶ ገባ። በገናውን እየቃኘ ነበር፤ የእኔ ድምፅ በግድግዳው አልፎ እየገባበት አስቸግሮታል። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጁን አነሳ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፔዳል ነው አባዬ። ድምፁን የሚያሻክር።»

«እስቲ ድገመው።»

አምባሰሉን ደገምኩለት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን አዘንብሎ ሰማኝ። እስክጨርስ ምንም አላለም።

«እንዚራው በዝቷል» አለ።

ዝም አልኩ።

«ጥሩ ነገር ነው ልጄ። ግን በዝቷል። አውታሩ ሁሉ አንድ ሆነብህ። ጣትህ አይሰማም።» ተነስቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ በገናው ከወዲያ ተሰማ።

ለረጅም ጊዜ ምንም ሳልነካ ተቀመጥኩ። ድምፅ ማሻከርን ከቤቴ ውጪ የተፈጠረ ነገር አድርጌ ነበር የያዝኩት። ፈረንጆቹ ጋ የታወቀው በብልሽት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ አንድ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ናሽቪል ውስጥ ሲቀረጽ ከሚክሰሩ አንዱ ቻናል ተበላሽቶ የጊታሪስቱ የግሬዲ ማርቲን ባስ ጊታር ድምፅ ሻከረ። ሰዎቹ ወደዱትና ተዉት። የቀረጻው ባለሙያ ግሌን ስኖዲ ያንን ብልሽት ሆን ብሎ የሚያመጣ ሰርኪዩት ሠራ። እሱ ነው በ1962 ማስትሮ ፈዝ-ቶን የሚባል ፔዳል ሆኖ ለገበያ የቀረበው። የእኛ በገና ሠሪ ግን ብልሽት አልጠበቀም። ጥርት ያለው ድምፅ አልበቃውም፤ አስቦ ቆዳ አስገባበት። እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ድምፅ ነው ያደግኩት። በየዓመቱ ሃምሳ አምስት ቀን።

ማዞሪያዋን ያዝኳት። ቁጥር አላየሁም። አባዬ እንዚራውን እንደሚገፋው፣ ትንሽ መለስ፣ ክሩን ነካ፣ ማዳመጥ። ደግሞ ትንሽ መለስ። በጣም ስመልሳት ድው የሚለው ደረቅ ድምፅ መጣ። እንደገና ወደፊት ገፋ አደረግኳት። የሆነ ቦታ ላይ ክሩ «ዝዝ» አለ። እዚያ ላይ ተውኳት።

አምስተኛውን ክር ከፍቼ ለቀቅኩት። ከላዩ ያችን ግማሽ እርምጃ ነካሁ። መንቀጥቀጡ መጣ። አሁን ግን አላነቀኝም። ቀስ ብዬ ስነካው ክሊን ነው ማለት ይቻላል። ጠንከር ሳደርገው ጫፉ ይቃጠላል። የጊታሩን ቮልዩም ወደ ስድስት ስቀንሰው ድሮ የማውቀው ድምፅ ተመለሰ፤ ስከፍተው እሳቱ ተመለሰ። እግሬ ፔዳሉን አልነካም። ሁሉም ነገር እጄ ላይ ነው። ጣቴ ተሰማኝ።

ዝቅ ብዬ ማዞሪያዋን አየኋት። የምታመለክተው ወደ ግራ ነው። በሰዓት ፊት ቢሆን 9 ቁጥር ላይ ማለት ነው። እኛ ያንን ሦስት ሰዓት ነው የምንለው። ዘጠኝ ሰዓት ብሎኝ እኔ ያቆምኳት በእኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ ትንሹ ቆጣሪ 3 ቁጥር ላይ በሚውልበት፣ በቀኝ በኩል ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ድራይቩ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። የአክስቴ ልጅ እዚያው ቨርጂኒያ ነው ያደገው፤ አማርኛው የእኛ ነው፣ ሰዓቱ የእነሱ።

ደወልኩለት። ነገርኩት። ዝም አለና «ውይ!» አለ። «የፈረንጅ ዘጠኝ ማለቴ ነበር እኮ።» ከዚያ አጫውተኝ አለኝ። ስልኩን አምፑ፣ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ ፊት አስቀምጬ አምባሰሉን ተጫወትኩለት። «ይሄ ነው» አለ። «ይሄን ነው ያልኩህ።» አባዬ ምን እንዳለ ስነግረው ደግሞ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእህቴ ነጭ የጥፍር ቀለም ለምኜ፣ ማዞሪያዋ የምትቆምበት ቦታ ላይ ትንሽ ነጥብ አደረግኩ። «ድራይቭ» ከሚለው ጽሑፍ ላይ ደግሞ ፕላስተር ለጥፌ በስክሪፕቶ «እንዚራ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ኬብሉን ነቅዬ አስቀመጥኩት። ባትሪው እንዳያልቅ።