ማስታገሻ የምንለው

ጎንደር ውስጥ በየቤቱ «ማስታገሻ» የሚባለው መድኃኒት ብዙ ነው። ለራስ ምታት የሚዋጠው ፓራሲታሞል ማስታገሻ ይባላል፤ ሐዘን የጸናበት ሰው ሌሊት ዐይኑን እንዲከድን የሚታዘዝለት ዲያዜፓምም ያው ማስታገሻ ነው። አራዳ የሚኖሩት አክስቴ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሲመሽ «ማስታገሻዬን አምጪልኝ» ይሉኛል፤ ይህ የስም መደባለቅ ሰሞኑን በብርቱ አሳስቦኛል።

ባለፈው ሳምንት ለጉልበታቸው ሕመም ወደ ሐኪም ይዣቸው ሄድሁ። ሐኪሙ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቃቸው «ምንም የለም ልጄ፣ ማታ ማታ ማስታገሻ ብቻ ነው» አሉ፤ እሱም የሕመም ማስታገሻ መስሎት ትራማዶል ሊያዝላቸው ጀመረ። ከቦርሳዬ ትንሿን የወረቀት ፖስታ አውጥቼ አሳየሁት፤ በእስክሪብቶ «ዲያዜፓም 5 ሚ.ግ. ማታ 1» ተብሎ ተጽፎባታል። አንብቦ ማዘዣውን ቀየረው፤ ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲወሰዱ አተነፋፈስን እስከማዳከም ይደርሳሉና።

ዲያዜፓም እ.ኤ.አ. በ1963 ቫሊየም ተብሎ ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ ለብዙዎች የደረሰ መድኃኒት ነው። አንጎል ውስጥ ጋባ የሚባለውንና የነርቮችን እንቅስቃሴ ረገብ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ሥራ ስለሚያጠናክር፣ ጭንቀትን ያቀላል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል፣ የሚጥል በሽታ ያንዘፈዘፈውንም ሰው ያረጋጋል። ይሁን እንጂ ለሳምንታት በተከታታይ ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፤ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ጭንቀቱ በርትቶ ይመለሳል፣ አንዳንዱንም ያንቀጠቅጠዋል፤ ስለዚህ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። በዕድሜ ከገፋ ሰው ሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ጠዋትም ያዞራል፤ አክስቴ ከደረጃው ላይ ግድግዳ ይዘው ሲወርዱ ያየሁት ለካ ለዚህ ነው።

«ማረጋጊያ» የሚለው ስም ቢለመድ እወድ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሲሆን ግን የመድኃኒቱን ስም ራሱን መናገር ይበልጣል። ጎረቤቶችም «ለእኔም አንዲት ስጪኝ» እያሉ የሚለምኑት ስሙ እንደ ቀላል ነገር ስለሚሰማ ይመስለኛል።

የቀረኝ የማኅበራቸው ነገር ነበር፤ ጠላውም አረቄውም እዚያ አይጠፋም፣ አልኮል ደግሞ ከዚህ ክኒን ጋር አደገኛ ነው። ዛሬ ይህንኑ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ለእኔ ብርዝ ያድርጉልኝ» አሉ።