ጫጫ፣ ውርጩና አምስት ኪሎ ስጦታዬ

አዲስ አበባን በሸሚዝ ነው የለቀቅኩት። ህዳር አጋማሽ ነበር። ሸኖ ስንደርስ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘጋሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ሜዳ ነው፤ በየአጥሩ ጥግ የኩበት ክምር ይታያል። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ወዳ አይደለም። እኔ ግን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ጫጫ ላይ ወረድኩ።

ረዳቱ ሻንጣዬን ሲያወርድ «ድንጋይ ነው እንዴ የጫንክብን?» አለኝ። አልተሳሳተም። አምስት ኪሎ የሚላስ የከብት ማዕድን ብሎክ ነበር፤ ቡናማ፣ ሞላሰስ ሞላሰስ የሚሸት። አጎቴ ስልክ ደውሎ «ጥጃዋ ግድግዳ ትልሳለች» ብሎኝ ስለነበር ከአንድ መኖ ቤት ገዛሁለት። ሻጩ የጥጃዋን ዕድሜ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ጠዋት ስወጣ ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ባልዲው ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል። ጥጃዋ ክልስ ነች፤ አጎቴ የማዳበሪያ ጆንያ አልብሷታል። ጆንያው ላይ በትልቁ «ዩሪያ» ይላል። አፏ በሚደርስበት ልክ ያለው የግድግዳ ጭቃ ተልሶ ተልሶ እንደ ምጣድ ለስልሷል።

«ጨው አትሰጣትም እንዴ ጋሼ?»

«አሞሌውን ለእናቷ ነው የምሰጠው። እሷ ገና ጠቢ ነች ብዬ።»

ብሎኩን ልሰቅልላት ስል አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለጎረቤት ክትባት መጥቶ ጎራ አለ። ማሸጊያውን አነበበ። ሞላሰስ፣ ፉርሽካ፣ ጨው፣ ሲሚንቶ (ማጣበቂያ ነው አለን)፣ ዩሪያ።

«ስንት ወሯ ነው?»

«ሁለት ወር ከሳምንት።»

«በሉ ይሄ ለእናቷ ይሁን። ስድስት ወር ላልሞላት አይሰጥም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በትልቅ ከብት ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ቀይረው ፕሮቲን ይሠሩበታል። የጥጃ ጨጓራ ግን ገና አልጎለመሰም፤ የምትጠባው ወተትም እሱን አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ነው የሚወርደው። ስለዚህ አሞኒያው ደም ውስጥ ገብቶ ይመርዛታል። ዩሪያው ጀርባዋ ላይ ሲሆን ብርድ መከላከያ ነው፤ ሆዷ ውስጥ ሲገባ ሌላ ጣጣ። ላቤ መጣ፣ በዚያ ብርድ።

ግድግዳ መላሷ ግን እውነተኛ ምልክት ነው አለ። ጨው ወይም ፎስፈረስ ያነሰው ከብት አፈር ይልሳል፣ አጥንትና ጨርቅ ያኝካል። ለእሷ የሚሆነው ቀላል ነው፤ በምትቀማምሰው መኖ ውስጥ ከመቶ ኪሎ አንድ ኪሎ ጨው፣ ከዚያ ደቆ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ኖራው ለምን? ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን ኢምንት ስለሆነ። አጎቴ ደግሞ ከፉርሽካ ሌላ አይገዛም። ጨው የበላች ጥጃ ውሃ ትፈልጋለች፤ በረዶ የጋገረ ባልዲ ሲቀርብላት ግን አፏን ትመልሳለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ።

«ብርዱንም ይከላከልላታል አይደል?» አልኩት፣ ስጦታዬን ለማትረፍ።

«ማዕድን አያሞቅም። ብርድ የሚያስችላት ወተትና ደረቅ የጭድ መኝታ ነው።» እንቦሳ ሳለች ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ከጠባችው ላይ ለሙቀት መክፈል ትጀምራለች አለን። አጎቴ ይሄን ሲሰማ ዝም አለ። ለካ ወተቱን ጫጫ ለመሸጥ የጥጃዋን ድርሻ ቀንሶባታል።

ብሎኩን በላሟ አፍ ልክ፣ ጥጃዋ በማትደርስበት በኩል ሰቀልነው። ላሟ አሽትታ ሄደች፣ ተመልሳ መጣች፣ ከዚያ አልላቀቅ አለች።

በሁለተኛው ሳምንት ደወልኩ።

«ግድግዳውን ተወችው?»

«ተወችው። አሁን ጆንያውን እየበላች ነው።»