ሰርግ የሌለው መጨረሻ

«ሊትል ውመን» የተባለውን የአሜሪካ ልብ ወለድ ለታናሽ እህቴ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ትናንት እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ደወለች። «ጆ እንዴት ሎሪን እምቢ ትላለች? ደግሞ ለዚያ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ብላ!»

ሳቄ መጣ። ጆ የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት፤ ሎሪ ደግሞ የሚወዳት ጎረቤቷ። እ.ኤ.አ. በ1868 የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣም አንባቢ ልጃገረዶች ደራሲዋን ሉዊዛ ሜይ አልኮትን «ጆን ለሎሪ ዳሪልን» እያሉ በደብዳቤ አጣድፈዋት ነበር። እሷ ግን ጆ ሳታገባ እየጻፈች እንድትኖር ነበር የፈለገችው። ራሷም አላገባችም። በ1869 ታዲያ ጆን ዳረቻት፤ ለሎሪ ሳይሆን ለፕሮፌሰር ባየር። እልህ ሳይሆን አይቀርም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የወጣው የአሜሪካዊቷ ደራሲ የፋኒ ፈርን ልብ ወለድ «ሩት ሆል» ነው። ሩት ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች። ዘመድ ፊቱን አዞረባት። ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ ለጋዜጣ እየጻፈች ራሷን ቻለች። መጨረሻው ላይ ሰርግ ጠበቅኩ። ወይ ሰርግ! ገጹ ላይ ቁጭ ያለው የባንክ አክሲዮን የምስክር ወረቀት ነው፤ 100 አክሲዮን፣ በሩት ስም። ሁለቴ ገልጬ አየሁት።

ያኔ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ በሕግ የባሏ ነበር። ኒው ዮርክ እንኳ ይህን የቀየረችው በ1860 ነው። ሩት ብታገባ ኖሮ አክሲዮኑ የማን ይሆን ነበር?

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ ተረኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እሺ ላኪልኝ፤ ግን ፍቅር የሚባል ነገር አለው?» አለችኝ።