ወለሉ ጣሪያውን ሲያልፈው

ሰሞኑን ሁለት ቁጥሮች ከአእምሮዬ አልወጣ ብለዋል፤ 39 ሚሊዮን እና 40.7 ሚሊዮን ዶላር። የመጀመሪያው፣ የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በዓመት ከዚህ በላይ እንዳይከፍል ሲል የወሰነው የደሞዝ ጣሪያ ነው። ሁለተኛው በ2008–09 የውድድር ዘመን ማንኛውም ክለብ ከዚያ በታች እንዳይከፍል የተገደደበት ወለል ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ግዴታ ከቀድሞው ከፍተኛ ገደብ በልጦ ተገኘ። ቶሮንቶ ውስጥ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ስለሆንኩ፣ ከጨዋታው ይልቅ የክለቦቹን የደሞዝ ሰንጠረዥ ማገላበጥ ይቀናኛል፤ ባልደረቦቼ በዚህ ሲስቁብኝ ይኖራሉ።

ጣሪያው የመጣው በብዙ ጣጣ ነበር። የክለብ ባለቤቶቹ በሴፕቴምበር 2004 በራቸውን በተጫዋቾቹ ላይ ዘጉ፤ ኮሚሽነሩ ጋሪ ቤትማን ደግሞ በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2005 የውድድር ዘመኑ ሙሉ በሙሉ መሰረዙን አወጁ። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ የ1919ኙን ፍጻሜ ካቋረጠው ወዲህ የሊጉ ሻምፒዮን ዋንጫ ስታንሊ ካፕ ባለቤት ሳያገኝ የቀረው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ባለቤቶቹ 42.5 ሚሊዮን፣ የተጫዋቾቹ ማኅበር 49 ሚሊዮን ይሁን ብለው ነበር፤ ልዩነቱ በአንድ ክለብ 6.5 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በጁላይ ግን 42.5ቱን እምቢ ያለው ማኅበር በ39 ተስማማ፤ ቀድሞ በተፈረሙት ውሎችም ላይ 24 በመቶ ተቀነሰ።

ባለቤቶቹ ያቀረቡት ምክንያት ከባዶ የመጣ አልነበረም። በጃንዋሪ 2003 በአንድ ወር ውስጥ የኦታዋና የቡፋሎ ክለቦች ከአበዳሪዎቻቸው የሚከልላቸውን የኪሳራ ሕግ ጠይቀዋል። ፒትስበርግ ደግሞ በ1998 በከሰረ ጊዜ ከትልልቆቹ ገንዘብ ጠያቂዎቹ አንዱ የራሱ ኮከብ ማሪዮ ሌሚዩ ነበር፤ ሌሚዩ ያልተከፈለውን የደሞዝ ዕዳ ወደ ድርሻ ቀይሮ ክለቡን ገዛው። ስለዚህ ጣሪያው ድኻውን ክለብ ከሀብታሙ ጋር ከመፎካከር ጣጣ ያድነዋል ተባለ። ለተወሰነ ጊዜ እኔም ይህ የማያከራክር መስሎ ይታየኝ ነበር።

ነገሩ የሚወሳሰበው ጣሪያው በምን እንደሚሰላ ሲታይ ነው። ሒሳቡ የተያያዘው ከሊጉ ጠቅላላ ገቢ ጋር ነው፤ ወለሉ ደግሞ በዚያን ጊዜ ስምምነት ከጣሪያው 16 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ዝቅ ብሎ ይከተለው ነበር። በ2007 የካናዳ ዶላር ከአሜሪካው ጋር ሲስተካከል እንደ ቶሮንቶና ሞንትሪያል ያሉት ክለቦች ገቢ በአሜሪካ ዶላር ሲቆጠር ተመነደገ፤ ጣሪያው ወጣ፣ ወለሉም ተከትሎት ወጣ። ቶሮንቶ ስላተረፈ የአሪዞናው የፊኒክስ ክለብ ብዙ መክፈል ግድ ሆነበት። የገቢ ማካፈያ ደንብ ነበረ፤ ነገር ግን ቅድመ ሁኔታው ብዙ ነበር። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የአንድ ተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወስኑ ጣሪያው በአንድ ሰው ላይ የተጣለ፣ ወለልም የሌለው ስለነበር እንዲህ ያለው ጣጣ በዚያ በኩል አልመጣም፤ የመጣው በሌላ በኩል ነው፣ እሱን ግን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

የፊኒክሱ ክለብ ካዮቲስ በሜይ 2009፣ ያ 40.7 ሚሊዮን ወለል በጸናበት የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ፣ የኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። ወለሉ ብቻውን ጣለው አልልም፤ አዳራሹ ከተመልካቾቹ ሰፈር ርቆ ግሌንዴል ላይ መሠራቱም፣ የባለቤቱ አያያዝም ድርሻ ነበራቸው። ሊጉ ክለቡን በ140 ሚሊዮን ዶላር ራሱ ገዛው፤ የግሌንዴል ከተማም ቡድኑ እንዳይሄድበት ለሁለት ዓመት በያመቱ 25 ሚሊዮን ዶላር ከግብር ከፋዩ ኪስ ከፈለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ደጋግሜ የማነበው። ሊጉ በጣሪያውም በወለሉም የሚቆጥረው የውሉን ዓመታዊ አማካይ ስለሆነ፣ ከኪስ የሚወጣው ጥሬ ገንዘብ ከሒሳቡ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ካዮቲስ በ2015 የክሪስ ፕሮንገርን ውል ከፊላደልፊያ ተረከበ። ፕሮንገር ዓይኑን ተመትቶ ከ2011 ጀምሮ አልተጫወተም፤ እንዲያውም ተጫዋቾችን በሚቀጣው የሊጉ ክፍል ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ውሉ በተላለፈ በጥቂት ቀናት ውስጥም ወደ ሆኪ የክብር አዳራሽ ለመግባት ተመረጠ። ሆኖም ወለሉን በሚሞላው መዝገብ ላይ ወደ አምስት ሚሊዮን ዶላር ተጠግቶ ይነበብ ነበር። በ2016 ደግሞ ወደ ሩሲያ የሄደው የፓቬል ዳትሱክ 7.5 ሚሊዮን ከዲትሮይት መጣ፤ ክለቡ አንድ ሳንቲም አልከፈለውም። በእኔ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ስም በደሞዝ ዝርዝር ላይ ቢገኝ ኦዲተሩ ወንበሩን ገፍቶ ይነሣ ነበር። እዚያ ግን ሁሉም በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ክለቡም ሞኝ አልነበረም፣ የዳትሱክን ውል ስለተሸከመ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚወስዱበት ዓመታዊ ምርጫ ያገኘው የተሻለ ተራ ያኮብ ቺክራንን የመሰለ ተከላካይ አስገኝቶለታል። ድኻውን ለመደገፍ የተሠራው ወለል ሀብታሞቹ የማይፈልጉትን ውል የሚያራግፉበት ሜዳ መሆኑ ግን ደንቡን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት አይመስለኝም።

ካዮቲስ በ2022 ከግሌንዴል ወጥቶ 4,600 ሰው በሚይዝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሁለት ዓመት ተጫወተ፤ በ2023 በአቅራቢያው ያለችው የቴምፒ ከተማ መራጮች አዲስ አዳራሽ አንፈልግም አሉ፤ በ2024 ተጫዋቾቹና ሠራተኞቹ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ግብይት ወደ ዩታ ሄዱ። በ140 ሚሊዮን ከፍርድ ቤት የተገዛ ክለብ በዚህ ዋጋ መሸጡን ሳይ፣ ባለቤቶች ከሰርን ሲሉ የዓመቱን ሒሳብ ብቻ እንደሚያሳዩን አስታውሳለሁ፤ የክለቡ ዋጋ መናር በዚያ ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም።

ካዮቲስ ራሱ ወደ አሪዞና የመጣው በ1996 ከዊኒፔግ ነው፤ ያኔ የደከመው የካናዳ ዶላር ነበር፣ ጣሪያም አልነበረም። ዊኒፔግ በ2011 የአትላንታን ክለብ አግኝታ እንደገና ሆኪ ታያለች። ሊጉ በ2025 ባወጣው ዕቅድ የ2027–28 ጣሪያ 113.5 ሚሊዮን፣ ወለሉ 83.9 ሚሊዮን ነው፤ የ2023–24 ጣሪያ ደግሞ 83.5 ሚሊዮን ነበር። ወለሉ ጣሪያውን ዳግመኛ ሊያልፈው ነው። የካናዳ ዶላርም ከአሜሪካው እጅግ ዝቅ ብሏል፤ ደሞዝ የሚከፈለው ደግሞ በአሜሪካ ዶላር ነው። የዊኒፔግ ክለብ የዓመት ትኬት ገዢዎች ከ13,000 ወደ 9,500 ገደማ ማሽቆልቆላቸውን ሊቀ መንበሩ በ2024 በይፋ ተናግረዋል። የሚቀጥለው ዓመት ሰንጠረዥ ሲወጣ መጀመሪያ የምፈልገው የእነሱን መስመር ነው።