በ4 ድምፅ ተሸነፍኩ፣ ምስጋናዬን ግን ልትቀበሉኝ ይገባል

ልደታ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ በተለይ ደግሞ ድምፅ መስጠት እንደማትችሉ እያወቃችሁ ሁለት ወር ሙሉ ከኔ ጋር ደረጃ ስትወጡ ስትወርዱ የከረማችሁ ተከራዮች፣ እሁድ በነዋሪዎች ማህበሩ ምርጫ 71 ለ67 ተሸነፍን። 2 ወረቀት ዋጋ አጣ። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ስልክ አላነሳሁም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የምለው ጠፍቶኝ ነው። ዛሬ ልቤ መለስ ሲልልኝ እንዴት እንደሰራነውና የቱ ጋ እንዳመለጠን ልጻፈው አልኩ፣ እኔ ባልወዳደር እንኳ ነገ ሌላ ሰው መወዳደሩ አይቀርም።

የተወዳደርኩት ለነዋሪዎች ማህበር ሊቀመንበርነት ነው። ሰው "ኮሚቴ ነው ምናምን" ብሎ ያቃልለዋል፣ ግን እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በመጣበት ቀን ፓምፑ ካልሰራ ሮቶው አይሞላም፣ ሮቶው ካልሞላ ደግሞ 4ኛ ፎቅ ያለች አራስ ባሏ በጄሪካን ተሸክሞ ባመጣው ውሃ ነው የምትታጠበው። ፓምፑ ከቆመ 5 ወር ሆኖታል። የወር መዋጮው ግን አንድም ቀን አልቆመም፣ ስንት ገባ ስንት ወጣ የሚል ወረቀትም ተለጥፎ አይተን አናውቅም። ብር ተበላ አላልኩም፣ ዛሬም አልልም። ሂሳቡ በየወሩ መግቢያው ላይ ይለጠፍ፣ ፓምፑ ይሰራ፣ በቃ ይሄን ብቻ ነው ይዤ የወጣሁት።

መጀመሪያ ላይ ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ አደረግኩት። በጻፍኩ ቁጥር ልቡም አውራ ጣቱም ይደረደራል፣ እኔም ሰው ከኔ ጋር ነው ብዬ ተዘናጋሁ። በሶስተኛው ሳምንት ዝርዝሩን ቁጭ ብዬ ሳየው ልብ ከሚያደርጉልኝ ሰዎች ከግማሽ በላይ ተከራይ ናቸው። ማህበሩ የቤት ባለቤቶች ማህበር ነው፣ የኮንዶሚኒየም አዋጅ 370/1995ም አባል የሚለው ባለቤቱን ነው፣ ስለዚህ ውሃ የሚያጣው ተከራዩ ሆኖ ድምፅ የሚሰጠው ሲኤምሲ ወይ ዋሽንግተን ያለው ባለቤት ነው ማለት ነው። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። አሁን በ1320/2016ቱ የኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ 2 ዓመት ነው፣ 2 ዓመት የሚኖር ሰው ስለሚጠጣው ውሃ እንዴት አይጠየቅም?

ይሄን ለተከራዮቹ ስነግራቸው ይተዉኛል ብዬ ነበር፣ እነሱ ግን ጭራሽ ባሰባቸው። 2ኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ከአዳር ስትመጣ ሳትተኛ ነው አከራይዋ ጋ ደውላ "እባክዎ ጋሼ እሁድ ብቅ ይበሉ፣ እኔ ነኝ ውሃ የምቀዳው" ያለችው። ሌላው ልጅ መርካቶ ሶስት ሱቅ አብሮኝ ዞሮ የፓምፕ ፕሮፎርማ ሰበሰበ። ሶስቱንም ፕሮፎርማ ኮፒ አድርገን ደረጃው ላይ ስንለጥፍ ነው ሰው ቆም ብሎ ማንበብ የጀመረው፣ ከዛ በፊት የጻፍኩት ሁሉ ያን ያህል አልሰራም። ቡናውም እንደዛው፣ አንድ ቤት ቡና ተፈልቶ 6 ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ የሚገኘው ነገር ግሩፕ ላይ በሳምንት አይገኝም።

ትልቁ ስህተቴ ውክልና ላይ ነው። ውጭ ሀገር ያሉ 9 ባለቤቶች ላንቺ ነው ብለውኝ ነበር። እኔ ይሄን ቃል እንደ ድምፅ ቆጠርኩት። ውክልና ግን ኤምባሲ ወይ ቆንስላ ይሰራል፣ ከዛ እዚህ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፣ ከዛ ደግሞ ውልና ማስረጃ አለ። ምርጫው 3 ሳምንት ሲቀረው ነው ደውዬ ያስታወስኳቸው፣ የደረሰልኝ 3 ብቻ ነው። 6 ቀረ። በ4 ነው የተሸነፍነው። ቀጣይ የሚወዳደር ሰው መጀመሪያ የሚሰራው ይሄን ይሁን፣ ፖስተሩም ቡናውም ከዛ በኋላ ይደርሳል።

የመጀመሪያው እሁድ ኮረም አልሞላም፣ ለሳምንት ተቀጠረ። አንዳንዶች እጅ በማውጣት ይሁን አሉ፣ እኔ እምቢ አልኩ። በ2013 ምርጫ ሰኔ 14 ታዛቢ ሆኜ ነበር የዋልኩት፣ የዛን ቀን ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ ሰው በዝናብ ተሰልፎ ነው ያመሸው፣ ቆጠራው ሲያልቅ ደግሞ ውጤቱ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። እኛም በወረቀት፣ በሚስጥር፣ ውጤቱም በር ላይ ይለጠፍ አልኩና ተቀባይነት አገኘ። ያሸነፉት ሰውዬም ደግፈውኛል፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ደግ አይደለም።

ከኛ ምርጫ ቀን ከዓይኔ የማይጠፋው የ4ኛ ፎቋ እማማ ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው ሲወርዱ የተከራዮቹ ልጅ፣ 9 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዱካ ተሸክሞ ከፊታቸው ይወርዳል። ደረጃው የሚታጠፍበት ጋ ሲደርሱ ዱካውን ያስቀምጥላቸዋል፣ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ይነሳሉ፣ እሱ ደግሞ ዱካውን አንስቶ ወደሚቀጥለው። እንዲህ እንዲህ እያሉ አዳራሹ ደረሱ። የልጁ እናትና አባት ድምፅ የላቸውም።

ሲቆጠር መብራት ሄደ። ጡረታ የወጡት መምህር በጥበቃው የስልክ መብራት እያንዳንዱን ወረቀት ፊትና ጀርባውን እያሳዩ አነበቡ፣ ካርቶን ላይ አምስት አምስት እየተሰመረ። 60 ለ60 ስንሆን ከጎኔ ያለችው ነርስ እጄን ያዘችኝ፣ እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም። ዋጋ ያጡት ሁለቱ ወረቀቶች ላይ የሁለታችንም ስም ጋ ምልክት ተደርጎበታል። የማንን ስም ፈልገው እንደነበር እግዜር ይወቀው፣ ግን የናሙና ወረቀት ቀድመን አሳይተን ቢሆን ሁለቱም ባልባከኑ ነበር።

ማክሰኞ ማታ ሶስቱን ፕሮፎርማ ይዤ አዲሱ ሊቀመንበር ቤት ሄድኩ። ተቀብለውኛል፣ የመጋቢት ሂሳብም ይለጠፋል ብለዋል። የተከራዮችን ነገርም አንስቼባቸዋለሁ፣ ቢያንስ ስብሰባ ላይ ገብተው ይናገሩ ብዬ፣ ለኮሚቴው አቀርባለሁ ብለውኛል።

ለኮፒና ለስኳር ካዋጣችሁት 1,340 ብር ተርፏል፣ ዝርዝሩን ከዛሬ ጀምሮ በሬ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ምን ይሁን የሚለውን እናንተ ወስኑ። ቅዳሜ 9 ሰዓት ቡናው እኔ ቤት ነው። ስኒ ስለማይበቃን 3ኛ ፎቆች ይዛችሁ ኑ፣ ዱካ የተሸከመው ልጅም እንዳይቀር።